ኅዳር ለምን ይታጠናል?

ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባን ከእንጦጦ ቁልቁል ለማየት የወጣ ሰው ከተማዋን አያገኛትም። በየደጃፉ፣ በየቦዩ ዳርና በየመንደሩ ማዕዘን የተለኮሰው የቆሻሻ ክምር ጭሱ አንድ ላይ ይጋጠምና ከጉለሌ እስከ አቃቂ ይተኛል። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ምእመን ነጠላውን አፍንጫው ላይ ይዞ ያልፋል። ልጆች በእንጨት እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። ለምን እንደሚያጨሱ ብትጠይቋቸው «ኅዳር ሲታጠን ነዋ!» ይሏችኋል። ወላጆቻቸውን ብትጠይቁ ብዙዎቹ «በሽታ እንዳይገባ» ይላሉ። የትኛው በሽታ እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል ስለሆነ፣ ኅዳር 12 ማታ ተረኛ ሆኖ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አያቴ ደግሞ የኅዳርን በሽታ በልጅነታቸው አይተው የተረፉ ሰው ነበሩ። ጭሱን የጀመረው ትውልድ ምን አይቶ እንደጀመረው ከእሳቸው ሰምቻለሁ፤ ጭሱ ዛሬ ማንን እንደሚያንቅ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ሁለቱ ነገሮች ተነጣጥለው ሲነገሩ አዝናለሁና አንድ ላይ ልጽፋቸው ተነሣሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1911 ዓ.ም. ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ የቆመው በእኛ አቆጣጠር በዚያው ዓመት ኅዳር 2 ቀን ነበር። አውሮፓ ደወል ሲደወልና ሲጨፈር፣ ከጦርነቱ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለውና በእኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። በዓለም ዙሪያ 500 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘና ቢያንስ 50 ሚሊዮን እንደገደለ ይገመታል። አገራችን ያን ጊዜ ከሰገሌ ጦርነት ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ከጫኑ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። የምኒልክ ሆስፒታል ከተከፈተ አሥር ዓመት አልደፈነም፤ በከተማዋ ያሉት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ልክ በዋዜማው ነው። ቀድሞ በቅሎና ግመል ሳምንታት የሚፈጁበትን መንገድ መንገደኛው በጥቂት ቀን የሚጨርስበት ዘመን ገብቷል። በመንገድ ላይ ታሞ፣ ወይ ድኖ ወይ ሞቶ ይቀር የነበረው ሰው አሁን ትኩሳቱን እንደያዘ ከተማ ይገባል።

ይህ እንደ ልማዳችን ሦስት ቀን አስነጥሶ የሚሄድ ጉንፋን አልነበረም። በየአገሩ የጻፉት ሐኪሞች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ በሽታው ከሕፃንና ከሽማግሌ ይልቅ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያለውን ጎልማሳ መረጠ። ሰውየው ጠዋት ሥራ ውሎ ማታ በትኩሳት ይወድቃል፤ ይነስረዋል፤ ሳሉ ደም ይቀላቅላል፤ ከዚያ ሳንባው ይቆስልና ከንፈሩ ይጠቁራል። ዛሬ እንደምናውቀው አብዛኞቹን የገደላቸው በኢንፍሉዌንዛው ላይ የተደረበው የሳንባ ምች ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ስለሆነ ያን ጊዜ ሐኪም ቢኖርም በእጁ የያዘው መድኃኒት አልነበረም።

አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ነበር። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ በጽኑ ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት እንደተረፉ፣ በአዲስ አበባም የሞተው ሰው አሥር ሺህ ገደማ እንደደረሰ ጠቅሰዋል። ስለ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስፋት የጻፉት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም ግምታቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። አልጋ ወራሹ እንኳ ከሞት አፋፍ የተመለሱበት ከተማ ውስጥ የጭቃ ቤቱ ሰው እንዴት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም።

አያቴ ያን ጊዜ ገና ያልተዳሩ ልጃገረድ ነበሩ። ስለዚያ ወር ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ያስታወሱት ቁጥር አይደለም፤ ያስታወሱት የለቅሶውን መቅረት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲሞት ጩኸት ይሰማ ነበር፤ በኋላ የሚያለቅሰውም ታሞ ተኛ። የሚቆፍር ጠፍቶ ሁለት ሦስት ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ገባ፤ ጉድጓዱ ጥልቀት ስላልነበረው ሌሊት ጅብ ያወጣው ነበር ይሉ ነበር። ከጎረቤታቸው አንድ ቤት ጭስ ሳይወጣ ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ሲከፈት እናትና ልጅ ምድጃው አጠገብ ተገኙ። አያቴ በቀራቸው ዘመን ሁሉ የጎረቤት ምድጃ ጭሶ እንደሆነ ሳያዩ ቁርስ አይቀምሱም ነበር።

ሞቱ የከፋው በወሩ አጋማሽ፣ በሚካኤል ሰሞን እንደነበረ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1918 ነው። እንደሚነገረው ሕዝቡ ቤቱንና ደጁን ጠርጎ፣ የበሰበሰውን ሁሉ ሰብስቦ እንዲያቃጥል ተነገረው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ከተማው ይታጠናል። ልማዱን ከሌሎች በዓሎቻችን ልዩ የሚያደርገው ይህ ነው። ደመራ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ችቦ ከወቅት መለወጥ ጋር የተያያዘ ነው። ኅዳር ሲታጠን ግን የአንድ ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው። በከተማችን ለእነዚያ ሟቾች የቆመ ሐውልት አላየሁም፤ ያላቸው ይህ ቀን ብቻ ነው።

ለምን ጭስ ተመረጠ? የዚያ ዘመን ሰው በሽታውን ያመጣው ቫይረስ መሆኑን አያውቅም፤ የእኛ ሰው ብቻ ሳይሆን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በቤተ ሙከራ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በሽታ ከመጥፎ ሽታና ከተበከለ አየር ይመጣል የሚለው እምነት ደግሞ ለብዙ ዘመን በብዙ አገር የጸና ነበር። ለንደኖች እ.ኤ.አ. በ1665 ወረርሽኝ ሲፈጃቸው በየጎዳናው ለቀናት እሳት አንድደዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ጭስ ከጥንት የቤት መድኃኒት ነው። ወላድ የተኛችበት ቤት ቀበሪቾ ይታጠናል፤ እባብና ትንኝ ለማባረር ቀበሪቾ ይጨሳል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ በቡና ላይ ዕጣን አይቀርም። ቤተ ክርስቲያንም ጸሎቷን በዕጣን ታሳርጋለች። የወተቱ ዕቃ በእርግጥም ይጠቀማል፤ የወይራው ጭስ ወተቱን ቶሎ ከመበላሸት እንደሚያቆየው እናቶቻችን በተግባር አረጋግጠዋል። ጭስ ሲጠቅም ያየ ሕዝብ በትልቁ መከራ ጊዜ ወደ ጭስ መሄዱ ያስተዋለ ሰው ሥራ ነው እንጂ ድንቁርና አይባልም። መጥረጉና የበሰበሰውን ማስወገዱ ደግሞ ለተቅማጡም፣ ለዝንቡም ትክክል ነበር። ለኢንፍሉዌንዛው ብቻ አልሠራም፤ እሱ የሚተላለፈው ከሰው አፍና አፍንጫ በሚወጣ ጠብታና ትንፋሽ ነውና።

ጉንፋንን ለመከላከል ያለን እውቀት ግን ከኅዳር ጭስ በፊትም በኋላም ሰፊ ነው፤ ባለቤቶቹም ሴቶች ናቸው። አያቴ በጓሯቸው ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳምና ፌጦ አይጠፋም ነበር። ዳማ ከሴ እንዴት እንደሚዘጋጅ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ቅጠሉ ለጋ ለጋው ይቀነጠስና በመዳፍ መሐል አረንጓዴ ውኃ እስኪወጣው ይታሻል። የመጀመሪያው ጠብታ በሽተኛው ግንባር ላይ ይቀባል፤ ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ ተጨምቆ ስኒ ቡና ውስጥ ይንጠባጠባል፤ የቀረው የታሸ ቅጠል በአፍንጫ ይሸተታል። ከዚያ ጋቢ ይደረብና ላብ እስኪያሰምጥ ይተኛል። ጦስኝ ከደጋ የሚመጣ ነው፤ ከመንዝና ከባሌ ደርቆ በገበያ ይሸጣል፤ ሻዩ ሳል ላለበት ሰው ይጠጣል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር በየቤቱ አሉ። ማሩን በተመለከተ እንደ ባለሙያ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳልን ማስታገሱ እውነት ነው፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም፤ አንጀቱ ገና ስላልጠነከረ አደገኛ መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ሊያድርበት ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ አፍንጫው የተደፈነ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መታጠን ነው። ከአባት ከአያት የመጣ የጥንት ልማድ ይመስለናል። ዛፉ ግን የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት እየተጨፈጨፈ አልቆ፣ ቤተ መንግሥቱ እንደገና ሊነሣ ይችላል እስከመባል ተደርሶ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ አጸናት። የዛፉን እንጨት ለማገዶ የወሰዱት እናቶች ቅጠሉን አሽትተው ለጉንፋን አዋሉት፤ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ደግሞ እንደ ጤና አዳም የራሳችን ሆነ። የአገር ባሕል መድኃኒት የምንለው ነገር ቆሞ እንደማይጠብቅ፣ አያቶቻችን አዲስ ነገር ሲያገኙ ፈትነው የሚቀበሉ ሰዎች እንደነበሩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። የሚበጀውን እንደጨመሩ ሁሉ የማይበጀውን የመቀነስ መብት ለእኛም አለን።

እንፋሎቱ አፍንጫን ለጥቂት ጊዜ ይከፍታል፤ በሽታውን አያሳጥርም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ድስቱ ነው። ሕፃን ልጅ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ የፈላ ውኃ ላይ እንዲጎነበስ ሲደረግ ድስቱ ተገልብጦ ደረቱና ጭኑ የተላጠ ልጅ አክሜያለሁ። ለልጅ አፍንጫ የጨው ውኃ ጠብታ ይበቃዋል።

መከናነቡን ደግሞ ተመልከቱ። የደጋ ሰው ማለዳ ሲወጣ ጋቢውን ወይም ሸማውን እስከ አፍንጫው ይጠቀለላል፤ የጥንት ተጓዦችም መኳንንቱ አፍና አፍንጫቸውን በሸማ ሸፍነው እንዳዩአቸው ጽፈዋል። የሚሰጠው ምክንያት ብርዱ ነው፤ ክፉ ዓይንም ነው። ከሰው ትንፋሽ ግን በእርግጥ ይጋርዳል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ጭምብል ከየፋርማሲው ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ያሰረች እናት ስታልፍ ሳይ አያቴ ይታወሱኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ዋጋቸው ሰማይ ነካ፤ ካህናትም ጽና ይዘው በየጎዳናው እያጠኑ ዞሩ። መቶ ዓመት አልፎ ሕዝቡ የ1911ን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ደገመው፤ ቤቱን ጠረገ፣ ዕጣን አጨሰ፣ ጓሮውን ቀነጠሰ። አዲስ የነበረው በየደጃፉ የተቀመጠው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካንና ሳሙና ነው። እሱና ሰው ከሰው መራራቁ ጠቅመውናል፤ ጀሪካኖቹ ቶሎ መነሣታቸው እስካሁን ይቆጨኛል። ከምግብ በፊትና በኋላ እጅ ማስታጠብ ነውር የማይሆንበት፣ እንዲያውም ክብር የሆነበት ሕዝብ ነን። ሳሙናውን መጨመር ብቻ ነበር የቀረን።

አንድ ልማዳችንን ግን አልከላከልለትም፤ መስኮት መዝጋትን። ታክሲ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው ተጨናንቆ፣ አንዱ እየሳለ፣ መስኮት የከፈተውን ሰው «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» የማይለው የለም። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶልስበሪ ከተማ አጠገብ ለጉንፋን ብቻ የቆመ የምርምር ጣቢያ ነበራቸው። ፈቃደኛ ሰዎችን ገላቸውን አስታጥበው፣ እርጥብ እንደሆኑ ነፋስ በሚመላለስበት ኮሪደር አቁመው፣ እርጥብ ካልሲ አስደርገው ሞከሩ። በብርድ የተንቀጠቀጡት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በጉንፋን አልተያዙም። ጉንፋን የሚመጣው ከታመመ ሰው በሚወጣ ቫይረስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራይኖቫይረስ በሚባለው። በብርድ ወራት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ሰው ቤቱን ዘግቶ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ነው። የተከፈተ መስኮት ከጉንፋንም፣ ከኢንፍሉዌንዛም፣ ከሁሉ በላይ ከሳንባ ነቀርሳም ይጠብቃል። ይህን በታክሲ ውስጥ ተናግሬ ያኮረፈኝ ተሳፋሪ ብዙ ነው፤ አሁንም እናገራለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ከሰው ወደ ሰው ስለሚሄድ በሽታ ነው። የኅዳር ጭስ ጉዳቱ ግን የሚታየው በሌላ በኩል ነው፤ በአለርጂና በአስም። ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያስነጥሳል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ አፍንጫው ይደፈናል፤ «ሳይነስ አለብኝ» ወይም «ጉንፋኔ አልለቅ አለኝ» ይላል። ትኩሳት ሳይኖረው ለሳምንታት የሚቆይ፣ አቧራ ሲነሣ ወይም ሽታ ሲሸተው የሚብስበት ከሆነ ግን ጉንፋን ሳይሆን አለርጂ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ጉዳት የሌለውን ነገር፣ ለምሳሌ የአበባ ብናኝን ወይም በአልጋ ልብስ ውስጥ የምትኖረውን በዓይን የማትታይ የአቧራ ተባይ፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይቆጣል። ኅዳር ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰው ክፉ ወር ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ መንገዱ አቧራ ሆኗል፣ በገጠር አውድማው ላይ ገለባና እብቅ ይበናል፣ ማለዳው ውርጭ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ጭስ ይጨመራል።

በዚህ ጉዳይ አገራችን ለዓለም ያበረከተችው እውቀት አለ፤ ሊታወቅላት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከጅማ የተገኘ ጥናት ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር መንደሮች ከ12 ሺህ በላይ ሰው መርምረው፣ አስም በከተማው ሲኖር በገጠሩ እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኙት። የከተማዎቹ ታማሚዎች ብዙዎቹ ደግሞ በሽታው የጀመራቸው በቅርብ ዓመታት ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ዕድል ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ። ትል ይሻለናል ማለት አይደለም፤ ትሉ ደም ይመጥጣል፣ ልጅ ያቀጭጫል። እንደሚገመተው የሰውነት መከላከያ ከአፈርና ከከብት ጋር ሲያድግ የለመደውን ነገር ከተማ ሲገባ ያጣዋል፤ በምትኩ ኬሮሲን፣ የተባይ ማጥፊያ መርጫ፣ የመኪና ጭስና ዝግ ክፍል ያገኛል። አያቴ በአውድማ እብቅ መካከል ያደጉ ሰው ነበሩ፤ አስነጥሰው አያውቁም ማለት ይቻላል። ከተማ ከተወለድነው የልጅ ልጆቻቸው መካከል ግን ሦስታችን ፓፍ የሚባለውን በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ይዘን እንሄዳለን። አንዷ እኔ ነኝ።

በ1911 ዓ.ም. የተቃጠለው ቆሻሻ ምን ነበር? ገለባ፣ ሣር፣ ቅጠል፣ አጥንት፣ የከብት እዳሪ፣ ያረጀ ቁርበት። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ደረት ይይዛል፣ ግን የተፈጥሮ ነገር ጭስ ነው። ዛሬ የሚቃጠለውን ክምር በእንጨት ብትገልጡት ፌስታል ታገኛላችሁ፤ ሃይላንድ ታገኛላችሁ፤ የተቀደደ ጫማ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አንዳንዴም የመኪና ጎማ። ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት ሲጨስ ዳዮክሲንን የመሰለ መርዝ ይለቃል፤ ብናኙ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በአፍንጫ ፀጉር ሳይጣራ የሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣናት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኅዳር 12 ሲቃረብ ቆሻሻ አታቃጥሉ እያሉ ያሳስባሉ። የሚሰማቸው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ለሕዝቡ «አታድርግ» ይሉታል እንጂ አባቶቹ ለምን እንዳደረጉት አይነግሩትም።

የዚያን ዕለት ማታ ድንገተኛ ክፍል ምን እንደሚመስል ልናገር። መጀመሪያ የሚመጡት ልጆች ናቸው። እናት ልጇን አዝላ ትገባለች፤ ልጁ አያለቅስም፤ ለማልቀስ የሚበቃ ትንፋሽ የለውም። ሸሚዙን ስንገልጠው በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ሥጋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አንገቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ትጠልቃለች፤ ጆሮ ሳያስጠጉ የሚሰማ ሲርታ አለው። ኦክስጅን ይደረግለታል፤ ሳልቡታሞል ይሰጠዋል። ኔቡላይዘሩ አንድ ሆኖ ልጆቹ አራት ሲሆኑ ያለን ዘዴ ፓፉ ነው። ትንሽ ልጅ ፓፍ አፉ ላይ ሲነፋበት መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ በመሐል የሚያጠራቅም ዕቃ ያስፈልጋል። ዋናው ዕቃ ውድ ነው። በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ግርጌ ላይ የፓፉን አፍ ልክ የምታህል ቀዳዳ በጋለ ሽቦ እንበሳለን፤ ፓፉን ሰክተን ዳሩን በፕላስተር እንጠቀልላለን፤ የጠርሙሱ አፍ በልጁ አፍ ውስጥ ይገባል፤ አንዴ ተነፍቶ ልጁ ቀስ እያለ ብዙ ጊዜ ይተነፍሳል። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ ጠርሙስ ከፋብሪካው ዕቃ እኩል እንደሚሠራ በጥናት አሳይተዋል። በዚያ ሌሊት ልጅ የምናተርፍበት ጠርሙስ ውጭ በየደጃፉ ሲቃጠል ልጅ የሚያንቀው ያው ጠርሙስ ነው።

አንዲት እናት ልጇ ተንፍሶ ሲረጋጋ እያለቀሰች የነገረችኝን አልረሳውም። ግቢውን ጠርጋ ክምሩን የለኮሰችው ራሷ ነበረች፤ ልጇ ደረቱን ስለሚታመም በሽታው ከቤቷ እንዲወጣ አስባ። እሷን የሚወቅስ አንጀት የለኝም። ያደረገችው እናቷ ያደረገችውን ነው፤ ማንም ሌላ አልነገራትም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ቀኑ ይቅር አልልም። አሥር ሺህ ሰው ያለቀበትን ወር የሚያስታውስ ሌላ ነገር የለንም፤ ኅዳር 12 ከጠፋ እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ይሞታሉ። ትምህርት ቤቶች በዚያ ቀን ስለ 1911 ቢያስተምሩ፣ ጤና ጣቢያዎች ስለ ጉንፋንና ስለ አስም ቢናገሩ፣ ካህናት በማዕጠንታቸው ሟቾቹን ቢያስቡ እወዳለሁ። በየቤቱ ዕጣን ማጨስ የፈለገም መስኮቱን ከፍቶ፣ አስም ያለበት ሰው በሌለበት ክፍል ያጭስ። መጥረጉ ይቀጥል፤ ከ1911 የቀረን ምርጡ ነገር እሱ ነው። ክብሪቱ ግን ይቅር።

ስለዚህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ዘንድሮ ኅዳር 11 ቀን ግቢያችሁን ጥረጉ፤ የጠረጋችሁትን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋችሁ ለሰፈራችሁ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ስጡ፤ ቅጠልና ሣሩን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ለጓሮው ማዳበሪያ ይሆናል። ጎረቤታችሁ ሊለኩስ ሲነሣ በግቢያችሁ ሳንባው የታመመ ሰው ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ፓፍ የምትጠቀሙ ደግሞ በዋዜማው መድኃኒቱ አለማለቁንና ጊዜው አለማለፉን ተመልከቱ፤ ሐኪም በየቀኑ እንድትወስዱት ያዘዘላችሁ የመከላከያ ፓፍ ካለ ደኅና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡት። ልጃችሁ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ዳማ ከሴ ፍለጋ አትሂዱ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።